ጋሽ ካንስል

እትዬ ዘነቡ ሲደውሉልኝ የሱቁን መዝጊያ እየከፈትኩ ነበር። «ማርታ ልጄ፣ ንጉሤ ዐረፈ» አሉኝ። ንጉሤ ማን ነው ብዬ ቆም አልኩ። ይሄን ሁሉ ዓመት አብሬው የሠራሁ ሰው እኮ ነው! ግን መካኒሳ ውስጥ በስሙ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ የደወሉት እህቱ መሆናቸው ትዝ አለኝና «ጋሽ ካንስል?» አልኩ። ሐዘንተኛ እንዲህ ይባላል? አልኩት እንግዲህ። «አዎ፣ እሱ» አሉኝ ቀስ ብለው።

እግዜር ያጽናዎት ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ኮምፒውተሮቹን አበራሁ፤ ኮፒ ማሽኑ እስኪሞቅ ጠብቄ አንዲት ሴትዮ ያመጣችውን መታወቂያ ኮፒ አደረግኩላት። «ሽማግሌው ዛሬ የለም?» ስትለኝ «የለም» አልኳት። እንባ የሚባል ነገር አልመጣም። እኔ ደግሞ ለቅሶ ላይ የማልታማ ሴት ነኝ፤ የማላውቀው ሰው ቀብር ላይ ሳይቀር እነፋረቃለሁ። የዚያን ቀን ግን ውስጤ ጭጭ አለ። ደንዝዤ ነበር፣ ሌላ ቃል የለኝም።

ሱቁ የሱ ነው። ከመካኒሳ ዋና አስፋልት ገባ ብሎ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን የሚል ታፔላ ተሰቅሎበታል። ጋሽ ካንስል ቀድሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበር። ጡረታ ሲወጣ ቤት መቀመጥ አቃተውና ይሄን ከፈተ፣ እኔን ቀጠረ። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ መነጽሩን በእስክሪብቶ ጫፍ ወደ ላይ የሚገፋ ሰው ነበር። ሲተይብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሲቆጣ ድምፁን ከፍ ሳይሆን ዝቅ ያደርጋል፤ ዝቅ ሲል እኔ ወንበሬን ራቅ አደርግ ነበር።

ካንስል የሚለው ስም የወጣለት በፍላሽ ምክንያት ነው። ፍላሽ ሲበላሽ ኮምፒውተሩ አንድ ጥያቄ ያወጣል። «ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት መደረግ አለበት፤ ፎርማት ላድርገው?» ይላል። ሰው ደግሞ ማሽን ሲጠይቀው ትራፊክ ያስቆመው ይመስል ይደነግጣል፤ ሳያነብ እሺ ይላል። እሺ ካለ አለቀ፤ የሠርጉ ፎቶ በለው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ በለው፣ ሁሉም ይጠረጋል። ጋሽ ካንስል ያቺን ጥያቄ ስክሪኑን ሳያይ ያውቃታል፤ የደንበኛው ፊት ላይ ያነባት ነበር መሰለኝ። «ካንስል! ካንስል በለው!» እያለ የያዘውን ወረቀት በትኖ ይመጣል። አንዴ ጫማውን አውልቆ እግሩን እያሳረፈ ሳለ በካልሲ ሮጦ መጥቶ የአንዱን ተማሪ እጅ ከማውሱ ላይ መነጨቀው። ልጁ ክው ብሎ «ምን አጠፋሁ ጋሼ?» አለ። «ገና ልታጠፋ ነበር» አለው።

እንግዲህ ይሄን ያህል ሲባል ፍላሽ ያድን ነበር እንዳትሉ። ግማሹን አያድነውም። ሶኬቱን ይቀያይራል፣ እፍ ይልበታል፣ ጫፉን በላጲስ ያሻል፣ ካልሆነለት «አንቺ የተማርሽው፣ እስቲ ሞክሪው» ብሎ ወደ እኔ ይገፋዋል። የጠፋ ፋይል የሚፈልገውን ፕሮግራም የምከፍተው እኔ ነኝ። እሱ ከኋላዬ ቆሞ በአንገቴ ላይ ይተነፍሳል። «ጋሼ ዞር በልልኝ፣ ሞቀኝ» እለዋለሁ። ዞር አይልም።

ቃሉ ግን ከኮምፒውተር ወጥቶ ሰውዬውን ወረሰው። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይጨመር» ሲል ከኋላ ወንበር «ካንስል!» ይላል፣ ታክሲው ሙሉ ይስቃል። በፉሪ ጋራ በኩል ደመና ሲጠቁር ብቅ ብሎ ያይና «ካንስል» ይላል፤ ዝናቡ ግን አይሰማውም፣ ያወርደዋል። የሰፈሩ ሰው በስሙ መጥራት ተወ። ደብዳቤ የሚያስጽፉ እናቶች ሳይቀሩ «አቶ ካንስል አሉ?» ብለው ይገባሉ። አይቆጣም፣ «አለሁ» ይላል።

አንድ ቀን ሥራ ቀዝቅዞ ተቀምጠን ሳለ «ጋሼ፣ አንተ ግን ለምን አላገባህም?» ብዬ ጠየቅኩት። እንደምታውቁኝ አፌ አያርፍም። መነጽሩን በእስክሪብቶው ገፋ አደረገና «ካንስል ተደረገ» አለኝ። ማን እንዳደረገው አልነገረኝም። ድምፁ ዝቅ ብሎ ስለነበረ እኔም ወንበሬን አራቅኩ።

በኛ ሰፈር ሰው ሲሞት መጀመሪያ ለዕድር ይነገራል፣ ቀጥሎ ወደ እኛ ይመጣል። ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምንጽፈው እኛ ነን። ቤተሰቡ ዓይኑ አብጦ ይገባል፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው ይላል፣ ጋሽ ካንስል ወንበር ይስባል። ከባዶ አንጀምርም፤ ማንም ጽሕፈት ቤት ከባዶ አይጀምርም። የመጀመሪያው የለቅሶ ሥራችን የአንድ ከባድ መኪና ሾፌር ታሪክ ነበር። ቀጣዩ ሟች ሲመጣ የሾፌሩን ፋይል ከፍቶ ስሙን ቀየረ፣ የትውልድ አገሩን ቀየረ፣ ሥራውን ቀየረ፣ በሌላ ስም አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ የሰፈራችን ሟች ሁሉ የተጻፈው በኚያ ሾፌር ላይ ነው። ነፍሳቸውን ይማረውና ስንቱን ተሸከሙ።

ታዲያ አንዴ ጉድ ሆነ። አንዲት አትክልት ነጋዴ ሞተው ታሪካቸው ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ፣ ከመልካም ሚስትነታቸውና ከጾም ጸሎታቸው መሐል «ለረጅም ዓመታት በከባድ መኪና አሽከርካሪነት አገልግለዋል» የሚል ወጣ። የሾፌሩ መስመር ሳይሰረዝ ቀርቶ ነው። ሰዉ መጀመሪያ ተያየ፣ ቀጥሎ ከኋላ አንዱ «እኛ ሳናውቅ!» አለ፣ ከዚያማ ለቅሶው ሳቅ ሆነ። ልጆቻቸው እንኳ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንቀጠቀጡ ነበር። ጋሽ ካንስል ግን አልሳቀም። በማግስቱ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ትልቅየዋን ልጅ ጉልበቷን ልስም ብሎ ሲጎነበስ «ኧረ በማርያም!» ብላ አነሳችው።

ከዚያ ቀን በኋላ የሰው ታሪክ ተጽፎ ሲያልቅ ብድግ ብሎ ቆሞ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። ደንበኛ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። የሾፌሩ አንዲት ቃል በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ ቀርታ አታውቅም። ይሄን አጥብቄ የምነግራችሁ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ሌላም አመል ነበረው። ቤተሰብ መጥቶ «ደግ፣ ርኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ በልልን» ሲለው እጁን ከኪቦርዱ ላይ ያነሳል። «ይሄንን ለሁሉም ብያለሁ። አንድ እውነት ስጡኝ» ይላል። ሲናደዱ ምን ይሉ ነበር? ምን ይጠሉ ነበር? ሰው በለቅሶው ቀን እንዲህ ሲጠየቅ ይቆጣል እኮ! አንድ ጎረምሳ ጠረጴዛችንን በቡጢ መትቶታል። የሟች አባቱን ጠባይ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የዳቦ ሰልፍ ላይ ያልተሳደቡት ሰው አልነበረም። ልጁ «ሰው አክባሪ በል!» ይላል፣ ጋሽ ካንስል «አልልም፣ እሳቸውም ይስቁብኛል» ይላል። በመጨረሻ ጥግ ላይ ኩርምት ብለው የተቀመጡት ሚስትየው «ተሳዳቢ ነበር በለው። ግን ሰድቦኝ ተኝቶ አያውቅም፤ ሳይታረቀኝ እንቅልፍ አይወስደውም» አሉ። ጋሽ ካንስል ይሄንኑ እንዳለ ጻፈው። ልጁ ከቀብር በኋላ ተመልሶ መጥቶ ጋሽ ካንስልን አቅፎ ብዙ አለቀሰ።

ይሄን ሁሉ የሚያስቀምጠው ሱቁ ኮምፒውተር ላይ አይደለም። ኮምፒውተራችንን አያምነውም። «የሰው ፍላሽ ሁሉ ገብቶ የሚወጣበት ነው፣ የሆቴል አልጋ በይው» ይላል። የራሱን ፍላሽ አንገቱ ላይ ያስራል። አቧራና ላብ እንዳይነካው ብሎ ለጫማ ሰፊ ሰጥቶ ጥቁር የቆዳ ማኅደር አሰፍቶለታል፤ አፉን በክር ይቋጥረዋል። ከማተቡ ጋር ደረቱ ላይ ሲንጠለጠል ላየው ሰው የለየለት ክታብ ነው። «ጋሼ፣ የየትኛው ደብተራ ነው?» እያልን እንቀልድበት ነበር።

ስለ ራሱ ሞት ሲነሳ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። «የኔን ማንም አይጽፍም» ይለኛል። «ለምን? እኔ እያለሁ?» ስለው «አንቺ ደግ ነበሩ ትያለሽ። የኔን እኔ ጽፌዋለሁ፣ እዚህ አለ» ብሎ ደረቱን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል። ሆስፒታል ሊገባ ሲልም ያለኝ ይሄንኑ ነው። ሌላ ነገር ለምኖኝ አያውቅም።

ስለዚህ የዚያን ቀን ጠዋት እትዬ ዘነቡ ደግመው ደወሉ። «ማርታ፣ የሕይወት ታሪኬን ጽፌዋለሁ ብሎኛል። ሌላ ሰው እንዳይቀባጥርብኝ ብሎ አደራ ብሎኛል። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ እባክሽ ይዘሽልኝ ነይ» አሉኝ።

«እኔ ጋ አይደለም እትዬ፣ እርስዎ ጋ ነው። ፍላሹ ላይ ነው።»

«የምን ፍላሽ?»

«አንገቱ ላይ ያለው።»

«አንገቱ ላይ ክታብ እንጂ ፍላሽ አልነበረውም» አሉ።

«እሱ ነው እትዬ። ክታብ አይደለም።»

ከኋላቸው የለቅሶ ድምፅ ይሰማል። «በሞትኩት» አሉ። «እኔ እኮ ጠበል ውስጥ ነክሬዋለሁ።»

ሱቁን ዘግቼ፣ ላፕቶፔን፣ ላጲስና አልኮል ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ጀሞ እትዬ ዘነቡ ቤት ሄድኩ። ታክሲው ውስጥ ሰው ይሳሳቃል፣ ሬዲዮ ይጮሃል፣ እኔ መስኮቱን እያየሁ ተቀምጫለሁ። አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ምንም የለም። ፍላሹ የሚነሳ ከሆነና የማይነሳ ከሆነ የማደርገውን ብቻ ነበር የማስበው። ካልተነሳ እኔ መጻፌ ነው፤ አትጻፊ ያለኝን እኔ።

ኮንዶሚኒየሙ ሥር ድንኳን ተጥሏል። እትዬ ዘነቡ ላይ ቤት ናቸው፣ መኝታ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጠዋል። ጋሽ ካንስል ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ በልጅነቱ እሳቸው ናቸው አዝለው ያሳደጉት። አቀፉኝ። ሌሎቹን ሴቶች «እስቲ አንዴ ውጡልን» ብለው አስወጡና በጣታቸው ወደ ግድግዳው አሳዩኝ። ከሥዕለ ማርያም ሥር ብርጭቆ አለ፤ ውስጡ ያለው ጠበል ከቆዳው ቀለም የተነሳ ሻይ መስሏል። ማኅደሩ ታች ተቀምጧል።

«ሆስፒታል ሲያስተኙት ከአንገቱ አውልቀው ሰጡኝ» አሉኝ። «ክታብ ሳይ ደነገጥኩ ልጄ። ይሄን የሚያህል ሰው ጠንቋይ ቤት ገባ እንዴ? በሽታውም የመጣበት በዚህ ይሆናል ብዬ... ጠበል ውስጥ ሆኖ ከከረመ ክፉው ነገር ይለቀዋል፣ ወንድሜ ይነሳልኛል ብዬ ነው። ማታ ማታ እጸልይበት ነበር።»

ብስቅ ደስ ባለኝ፣ ብቆጣም ጥሩ ነበር። ሁለቱም እምቢ አሉኝ። «ምላጭ አለ?» አልኩ።

ቋጠሮው ርሶ አልፈታ ስላለ የማኅደሩን ስፌት በምላጭ ቀደድኩት። ፍላሹን አወጣሁት፤ ሳነቀንቀው ውስጡ ውሃ ይላል። እንዲያው ልሞክረው ብሎ ርጥቡን ሶኬት ላይ መሰካት ነው ጨርሶ የሚገድለው፤ ስለዚህ የፕላስቲክ ልባሱን ፈልቅቄ ከፈትኩት። ጫፉ አረንጓዴ ጀምሮታል። በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ጠረግኩት፣ በላጲስ ቀስ እያልኩ አሸሁት። እትዬ ዘነቡ ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አያነሱም።

«ጠበል ያበላሸዋል እንዴ?» አሉኝ።

«ውሃ ነው እኮ እትዬ፣ ውሃ ያበላሸዋል።»

«ውሃ አይደለም።»

«እሺ፣ አይደለም።»

ምድር ቤት ካለው የሴቶች ፀጉር ቤት ማድረቂያ አስመጡልኝ። በጣም እንዳይሞቅ ራቅ አድርጌ ያዝኩት። ውጭ የሚያለቅሱ ሰዎች ማድረቂያው ሲጮህ ሰምተው ምን እንዳሉ እንጃ፤ በለቅሶ ቤት ፀጉሯን የምትሠራ ማን ናት ብለው ይሆናል። ደረቀ ብዬ ሰካሁት። መብራት የለም፣ ድምፅ የለም። በሌላኛው ሶኬት ሰካሁት፣ ያው ነው። ነቅዬ እንደገና አደረቅኩት። አንዷ መጥታ «ሬሳው እየመጣ ነው» ብላ ተመለሰች። እትዬ ዘነቡ ከፍራሹ አልተነሱም። «ቀጥይ» አሉኝ። ፍላሹን አፌ አጠገብ አድርጌ እፍ አልኩበት፣ ሰካሁት፣ ኮምፒውተሩ ጢው አለ።

ወዲያው ጥያቄዋ መጣች፦ ፎርማት ላድርገው?

ካንስል አልኩ። እንደ ማንኛውም የደንበኛ ፍላሽ ፕሮግራሙን ከፍቼ ፍለጋውን አስጀመርኩና እትዬ ዘነቡ ጎን ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። ከታች ሬሳው ደርሶ ዋይታው ጨመረ። እሳቸው እጄን ይዘው «ይወጣል?» አሉ። «አላውቅም» አልኩ።

ወጣ። ግን እንዲህ ያለ ፍላሽ ፋይሉን ሲመልስ ስም አይመልስም፤ ሁሉንም በቁጥር ብቻ ያመጣዋል። የትኛው የማን እንደሆነ የሚታወቀው ተከፍቶ ሲነበብ ነው። አንድ በአንድ መክፈት ጀመርኩ። ጋሽ ካንስልን እየፈለግኩ የመካኒሳ ሙታን ሁሉ እየተነሱ መጡብኝ። ተሳዳቢው ሰውዬ ወጡ፣ አትክልት ነጋዴዋ ወጡ፣ ሾፌሩ ወጡ፣ በጎርፍ የሄደው ልጅ ወጣ፣ የሰፈራችን አዋላጅ ወጡ። የሁሉንም ለቅሶ ሄጃለሁ፣ ሁሉም ላይ አልቅሻለሁ። አሁን እያየሁ እዘጋለሁ፣ እያየሁ እዘጋለሁ።

ከዚያ «አቶ ንጉሤ» የሚል መጣ።

ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ዛሬ ሰፈር የሆነው ላፍቶ ያኔ የስንዴ ማሳ ሳለ ከገበሬ ቤተሰብ መወለዱ አለበት። ታላቅ እህቱ በጀርባዋ አዝላ እንዳሳደገችው አለበት፤ እዚህ ላይ እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ትምህርቱ አለበት፣ ታይፒስትነቱ አለበት፣ ሱቁ አለበት። ደግ የሚል የለም፣ እንግዳ ተቀባይ የሚል የለም። የራሱ እውነት አንዲት መስመር ናት፦ «አቶ ንጉሤ ቶሎ እሺ የማይሉ ሰው ነበሩ።»

ቀጥሎ ያለውን ዓይኔ ቀድሞ አየውና ድምፄ ቆመ። «አቶ ንጉሤ ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት ነበሩ» ይላል።

የሾፌሩ መስመር ነው፤ አራት ልጅ ያላቸው ሾፌሩ ናቸው። ከሱ በታች ያለው ሁሉ የሾፌሩ ነው፤ የሾፌሩ ሕመም፣ የሾፌሩ ስም፣ የሾፌሩ መቃብር፣ አንድም ፊደል አልተነካም። ከላይ ያለው ግን በሙሉ ተስተካክሏል። ከመወለዱ ጀምሮ ሾፌሩን እየሰረዘ፣ ራሱን እየጻፈ እስከዚህ ድረስ መጥቷል። እዚህች መስመር ላይ የሾፌሩን ስም አጥፍቶ የራሱን አስገብቷል። ከዚያ አቁሟል። ጊዜ አጥቶ እንዳልል ጽፌዋለሁ ካለኝ ዓመታት አልፈዋል፤ ረስቶት እንዳልል እሱን አውቀዋለሁ። መስመሯን መሰረዝ አቅቶት ፋይሉን ዘግቶ፣ ቆዳ ውስጥ ቋጥሮ አንገቱ ላይ አስሮት ኖረ።

«ምነው ቆምሽ?» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ልክ ያልሆነ ነገር አለ። የሌላ ሰው ነው። ልሰርዘው።»

«አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። ነጠላቸውን ከዓይናቸው ላይ አወረዱ።

«የስንት ልጆች?»

«የአራት።»

«ባለትዳርም ይላል?»

«አዎ፣ ይላል።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«እሱ ነው። ማለቴ፣ የሱ አይደለም፣ ከሌላ ሰው የቀረ ነው፤ እሱ ግን ስሙን አስገብቶበታል፣ ከዚያ...» ማስረዳት አቃተኝ። እውነት የሚወድ ሰው ነበር ልላቸው ፈለግኩ። ለሰው ሁሉ አንድ እውነት ስጡኝ ይል ነበር፣ እኔ ደግሞ በሱ ቀብር ላይ ውሸት ላስነብብ? ይሄንንም አልኳቸው።

እትዬ ዘነቡ እጃቸውን ላፕቶፑ ላይ አደረጉ፤ ኪቦርዱን እንዳልነካው ይመስላል።

«እሱ ያልሰረዘውን እኛ ምን ቤት ነን የምንሰርዘው?» አሉ። «ተይው። ይኑሩት።»

ተውኩት። ከሱ በታች ያለውን የሾፌሩን አጥፍቼ ሕመሙን፣ ያረፈበትን ቀንና የቀብሩን ቦታ ጻፍኩ። ቆሜ፣ ጣቴን መስመሩ ላይ እያስኬድኩ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ለዕድሩ ጸሐፊ በቴሌግራም ላኩለት፣ ደርሶኛል አለኝ።

ብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ፀሐዩ ያቃጥላል። የዕድሩ ጸሐፊ ከስልኩ ላይ ያነባል፣ እኔ ከእትዬ ዘነቡ ጎን ቆሜያለሁ፣ ክንዳቸውን ይዣለሁ። ቶሎ እሺ የማይሉ ሰው ነበሩ ሲል የመካኒሳ ሰዎች እርስ በርስ ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ ጸሐፊው አንዴ ጉሮሮውን ጠረገና «ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት ነበሩ» አለ፤ ቀና ብሎ ወደኛ አየ። እትዬ ዘነቡ ዓይናቸውን አልሰበሩም። ማንበቡን ቀጠለ። የመካኒሳ ሰው መሬት መሬቱን አየ፤ አንድም ሰው አልሳቀም፣ አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም። ለዚህ ብዬ እስከ ዛሬ ሰፈሬን እወደዋለሁ።

ከኋላችን የቆመች አንዲት የጀሞ ጎረቤት ግን የእትዬ ዘነቡን ወንድም በሕይወቱ አታውቀውም። ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «እትዬ፣ ሚስትና ልጆቹ የታሉ? አንዳቸውንም አላየሁ» አለቻቸው።

እትዬ ዘነቡ ዘወር እንኳ አላሉም። «ውጭ ናቸው» አሉ። «በረራ አልደረሰላቸውም።»

«ውይ እኔን!» አለች ሴትየዋ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሰው አገር ሆኖ የአባት መርዶ መስማት! እግዜር ያጽናቸው።»

«አሜን» አሉ እትዬ ዘነቡ፣ እኔንም በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ።

«አሜን» አልኩ።